የሠራተኞች ጤንነትና ደህንነት በወረርሽኝ ወቅት፡ ከመግቢያው በር ባሻገር

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው በር ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ሳኒታይዘርና የሙቀት መለኪያ የያዘ ጥበቃ ማየት የተለመደ ሆኖ ነበር። ይህ በወረርሽኝ ወቅት ተገቢ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ የበሩ ጥንቃቄ ብቻውን ወረርሽኙን ከሥራ ቦታ አያስቀርም። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ምልክቱ ሊታይበት ከ2 እስከ 14 ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ 2 ቀን ያህል አስቀድሞም ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ከነጭራሹ ምልክት የማያሳዩም አሉ። ማለዳ የትኩሳት ማስታገሻ ውጦ የመጣ ሠራተኛም በመለኪያው ፊት ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ሠራተኛው ማስታገሻውን ውጦ የሚመጣው ለምንድን ነው? ከመለኪያው ዓይነትና ዋጋ ይልቅ አሠሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ጥያቄ ነው።

ታሞ ሥራ መግባት

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ከሚሰፉት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከአካባቢው ገጠሮችና ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ለመቀነስ ሲሉ አንድ ክፍል በጋራ ይከራያሉ፤ አብረው ያበስላሉ፤ አብረው ይጓዛሉ። በልብስ ስፌት ኢንዱስትሪው ከመደበኛው ደመወዝ በተጨማሪ ከሥራ ላልቀረ ሠራተኛ ማበረታቻ መክፈል የተለመደ ነው። ደመወዟ ከኪራይና ከቀለብ እምብዛም ለማይተርፍ ሠራተኛ ይህ ማበረታቻ የትርፍ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ጉሮሮዋን የከረከራት ሠራተኛ “ብርድ ነው፣ ይለቀኛል” ብላ ወደ ማሽኗ ትሄዳለች። ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። “የታመመ ሰው ወደ ሥራ አይግባ” የሚል ማስታወቂያ በር ላይ የለጠፈ ድርጅት በደመወዝ መክፈያ መዝገቡ ታሞ የቀረውን የሚቀጣ ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚያምነው መዝገቡን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ላጠናቀቀ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ክፍያውም ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 2 ወራት የደመወዙ 50 በመቶ ሲሆን የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ይህን መብት የማያውቁ ሠራተኞች ብዙ በመሆናቸው በግልጽ ቋንቋ ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ራሱን የቻለ የበሽታ መከላከያ ነው።

ሕጉ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግንባታ ሥራ ላይ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው የጉልበት ሠራተኛ፣ የቀረበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። ለሕመም ፈቃድ የሚጠየቀው የሐኪም ማስረጃም በወረርሽኝ ወቅት ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቀለል ያለ ሳል ያለበትን ሰው ለወረቀት ብቻ በተጨናነቀ ጤና ጣቢያ ያሰልፈዋል። በመሆኑም በእንዲህ ያለ ወቅት አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራተኛውን የስልክ መልእክት እንደ በቂ ማስረጃ ቢቀበልና የቀረበትን ማበረታቻ ባይቆርጥ ተመራጭ ነው። ወጪው የሚያሳስበው አሠሪ ሒሳቡን ሊያሰላ ይችላል፤ አንድ ሠራተኛ ለ14 ቀናት ቢቀር የሚከፈለው የ14 ቀን ነው። ያው ሠራተኛ ታሞ በመግባቱ በመስመሩ ያሉት 30 ሠራተኞች ለ14 ቀናት ተለይተው እንዲቆዩ ቢገደዱ የሚታጣው የ420 ቀን ጉልበት ይሆናል።

ማስክ የሚወልቅባቸው ቦታዎች

በማሽንና በጠረጴዛ ላይ ርቀት የሚጠበቅ ቢሆንም ቫይረሱ የሚተላለፈው በሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ማስክ የሚወልቀው በምሳ፣ በሻይ ሰዓትና ልብስ በሚቀየርበት ክፍል ነው። የምሳ ሰዓትን በፈረቃ መከፋፈል፣ ወንበሮችን ፊት ለፊት ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ማድረግ፣ የሚቻል ከሆነም ደጅ ጥላ ሥር መመገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ የፍቅር መግለጫ ቢሆንም ለጊዜው በየሳህን መመገብ ያስፈልጋል። በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ መጓዝ ይገባል፤ “ነፋስ ይመታኛል” የሚለው ስጋት በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጨናንቆ ከመተንፈስ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚመዘገብበት የጣት አሻራ መሣሪያም በወረርሽኝ ወቅት በስም ጥሪ ወይም በካርድ ቢተካ መልካም ነው።

የጽዳት ሠራተኞች

ሌላውን ለመጠበቅ የተመደበው የጽዳት ሠራተኛ ራሱ ብዙ ጊዜ ሳይጠበቅ ይቀራል። ጓንት፣ ማስክና የተዘጋ ጫማ ሊቀርብለት ይገባል፤ አዋጁ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብንና አጠቃቀሙን የማስተማርን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የበር እጀታን፣ ጠረጴዛንና የመሳሰሉትን ለማጽዳት 0.1 በመቶ የክሎሪን ውህድ በቂ ነው። በዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት በረኪና ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ይበረዛል። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፤ ውህዱም ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ሳይወለወል ይቆያል። “ይበርታ” ተብሎ በረኪናን አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሰው አካል ላይ ክሎሪን መርጨትም ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል እንጂ ወደ ሰውነት የገባን ቫይረስ አይገድልም። እጁን በአልኮል ያሸ ሰው እጁ ሳይደርቅ ክብሪት መጫር ወይም ወደ ምድጃ መቅረብ የለበትም።

ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ ሲታመም

ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበት ሠራተኛ ማስክ እንዳደረገ መስኮት ወዳለው ለብቻው ክፍል ይወሰዳል፤ ወደ 8335 ወይም 952 በነጻ ይደወላል። ከአጠገቡ የነበሩ ሰዎች እንዲያውቁ ይደረጋል፤ ስሙን በየክፍሉ ማዛመት ግን ክልክል ነው። ስም የወጣበት ድርጅት ውስጥ ቀጣዩ ታማሚ ሕመሙን ይደብቃል።

“ወደ ቤትህ ሂድ” ማለትም ብቻውን በቂ አይደለም። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር ሠራተኛ ወደ ቤቷ ስትላክ በሽታው ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቆምም፤ ጓደኞቿ በሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉና። ስለሆነም የድርጅቱ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ በሽታው ከመከሰቱ በፊት የትኞቹ ሠራተኞች ለብቻ የሚቆዩበት ክፍል እንደሌላቸው ምስጢር ጠብቆ መመዝገብ፣ ከአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር የለይቶ ማቆያ ቦታ ማወቅ፣ ወደዚያ የሚያደርስ መጓጓዣና በዚያ ለሚቆዩባቸው ቀናት ምግባቸውን ማን እንደሚያቀርብ መወሰን ይኖርበታል።