ዶራ፦ የጃፓን የነሐስ ደወል

ዶራ በጃፓን አገር የሚሠራ የነሐስ ደወል ነው። ጠርዙ ወደ ኋላ የታጠፈ ትሪ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ እብጠት አለው። በገመድ ይንጠለጠልና እብጠቱ ላይ ጫፉ በተጠቀለለ መዶሻ ይመታል። መርከብ ከወደብ ሲነሣም ይደወላል። ይበልጥ የሚከበረው ግን በሻይ ሥርዓት ላይ ነው። እንግዶቹ ከምግብ በኋላ ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥተው ያርፋሉ፤ ባለቤቱ በቃል አይጠራቸውም። ዶራውን አምስት ጊዜ ይመታል፦ ከፍ፣ ዝቅ፣ መካከለኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍ አድርጎ። በመኪና ቸርኬ ድምፅ ክፍል ለምንገባው ለእኛ ይህ ቅንጦት ይመስላል።

ድምፁ ከየት ይመጣል? ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ቆርቆሮ ስንል የቤት ክዳኑን ማለታችን አይደለም፤ እርሱ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። እውነተኛው ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ነጣ ያለ ማዕድን ነው። በተለመደው ነሐስ ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ዶራ ከሚሠራበት፣ ጃፓኖች ሳሃሪ ከሚሉት ነሐስ ውስጥ ግን ከመቶ 20 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቆርቆሮው ሲበዛ ነሐሱ ይጠነክራል፤ ሲመታም ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ዳሩ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባለ እጅ የመጥረቢያን ስለት አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ስለቱ ይጠነክራል፤ ከመጠን ካለፈም ይሰበራል። ሳሃሪ ተቃራኒ ነው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በውስጡ ተሰባሪ ክሪስታል ይፈጠራል። እንደ ፍም ቀልቶ ሳለ ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ክሪስታሉ ለመፈጠር ጊዜ ስለማያገኝ ነሐሱ መዶሻ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀልጦ በቅርጽ የወጣውን ዶራ ያግለዋል፣ ይነክረዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፤ ይህንንም ይደጋግመዋል። ድምፁን የሚያስተካክለው በጆሮው ነው።

በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው የካናዛዋ ከተማው ኡኦዙሚ ኢራኩ (1886–1964 እ.ኤ.አ.) ነው። በእርሱ ዘመን፣ በ1941 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ የጃፓን መንግሥት ብረታ ብረት ለጦርነቱ ሰብስቦ ብዙ የቤተ መቅደስ ደወሎች ቀልጠዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1955 እ.ኤ.አ. ያው መንግሥት ኡኦዙሚን፣ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» በሚለው ማዕረግ አከበረው። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙያውን የወረሰው የልጅ ልጁ ያንኑ ማዕረግ አገኘ።

መልመጃ፦ ከመቶ 20 ቆርቆሮ ያለበት 6 ኪሎ ሳሃሪ ለመሥራት ስንት ኪሎ መዳብ ያስፈልጋል? ከእሳት ወጥቶ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ዶራ በመዶሻ ሲመታ ምን ይሆናል? ለምን?