ፈዋሹን ለይቶ ምክንያቱን የሚያሳይ ስልት

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአጅባር ደጋ ከሚበቅሉ የመድኃኒት ዕፅዋት ፈዋሹን ንጥረ ነገር መለየት ይችላል? ምክንያቱንስ ያስረዳል? (ከመካነ ሰላም)

መልስ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ተክሉ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል የደረሱበት፣ ምክንያትና ውጤት ጎን ለጎን ስለታዩ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው። ተገላጭ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ከግምቱ ጋር የግምቱን መነሻ የሚያሳይ ሥርዓት፣ ፍለጋውን ያሳጥራል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ39,000 በላይ ውህዶችን በባክቴሪያ ላይ ከሞከሩ በኋላ፣ በውጤቱ የሠለጠነው ሞዴል 12 ሚሊዮን ያህል ውህዶችን መርምሮ ለግምቱ መነሻ የሆነውን የሞለኪውል ክፍል ስላመለከተ፣ መድኃኒት በተላመደ ስታፊሎኮከስ በተያዙ አይጦች ላይ የሠራ አዲስ የፀረ ባክቴሪያ ምድብ ተገኝቷል።

ለአጅባር ዕፅዋት ግን ሞዴሉ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ቅጠል የብዙ ውህዶች ቅልቅል በመሆኑ ውህዶቹ አስቀድመው በቤተ ሙከራ መነጠልና መፈተን ይኖርባቸዋል። ከዚህም በላይ ሞዴሉ የሚያሳየው የራሱን ግምት መነሻ እንጂ ውህዱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ አይደለም፤ ይህኛው በሙከራ ብቻ ይረጋገጣል።