ዛፍ ላይ የሚወጣ ተለማማጅ ስንት ይከፈለዋል?
(የሥራና የሂሳብ ትምህርት)



ባለፈው ወር አንዲት እናት ወደ ክፍላችን መጡ። የ22 ዓመት ልጃቸው በሪሴትልመንት ወደ እንግሊዝ አገር ከሄደ በኋላ ዛፍ የመግረዝና የመቁረጥ ሥራ በተለማማጅነት ጀምሯል። በሳምንት 302 ፓውንድ ያገኛል። አብሮት የሄደው ጓደኛው ግን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነ ከ488 ፓውንድ በላይ ይቀበላል። «መምህር፣ እኛ እዚህ የእሱን እጅ እያየን፣ ይህን ዛፍ ትቶ መጋዘን ይግባ ብዬ ልንገረው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ከመንገርዎ በፊት እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው» አልኋቸው። የዛሬው ትምህርት ያን ቀን አብረን የሠራነው ሂሳብ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ዛፍ መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በከፋና በሸካ ደን ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ የሚወጡ አባቶች አሉ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በከተማ መንገድ ዳር፣ በትምህርት ቤትና በቤት ግቢ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሲደርቅ ወይም ወደ ጣሪያ ሲያዘነብል በገመድና በመታጠቂያ ወጥቶ የሚቆርጥ ባለሙያ ይጠራል።

ዛፍ የሚወጣ ሰው ከግንዱ እንጂ ከጫፉ አይጀምርም። የሙያው እድገትም እንደዚሁ ነው፦

ሀ) የመሬት ሠራተኛ፦ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ይጎትታል፤ ወደ መፍጫው ማሽን ያስገባል፤ ለወጣው ሰው ገመድ ይይዛል፤ የሞተር መጋዝ መሳልና ማጽዳት ይማራል።

ለ) ተለማማጅ፦ በባለሙያ ዓይን ሥር ሆኖ መውጣት ይጀምራል። ለየሥራው ፈተና አለ፤ ይኸውም መሬት ላይ በሞተር መጋዝ መቁረጥ፣ በገመድ መውጣትና ዛፍ ላይ የተጎዳን ሰው ማውረድ፣ ከዚያም ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በመጋዝ መቁረጥ ናቸው። ለእያንዳንዱ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ሐ) ሙሉ ባለሙያ፦ ብቻውን ወጥቶ ይቆርጣል።

መ) የቡድን መሪ፦ ሥራውን ያቅዳል፤ አደጋውን አስቀድሞ ይገምታል፤ ሌላውንም ያስተምራል።

ክፍያው እንዴት ይሰላል?

በእንግሊዝ አገር አሠሪ ከዚያ በታች ሊከፍል የማይችልበት የሰዓት ክፍያ ወለል በሕግ ተወስኗል። በየዓመቱ ኤፕሪል ወር ይሻሻላል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዓመት የተወሰነው ይህ ነበር፦

• ለተለማማጅ፦ 7.55 ፓውንድ
• ከ18 እስከ 20 ዓመት ለሆነ ሠራተኛ፦ 10.00 ፓውንድ
• 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፦ 12.21 ፓውንድ

እዚህ ላይ አስተውሉ። የተለማማጅ ወለል የሚሠራው ዕድሜው ከ19 በታች ለሆነ፣ ወይም 19 ዓመት ሞልቶት በልምምዱ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ላለ ብቻ ነው። የእኚህ እናት ልጅ 22 ዓመቱ ስለሆነ፣ አንዱን ዓመት ሲጨርስ በ2025ቱ ወለል እንደ ዕድሜው 12.21 ይገባዋል ማለት ነው።

አሁን በሳምንት 40 ሰዓት ሠራ እንበል፦

7.55 × 40 = 302.00
12.21 × 40 = 488.40
ልዩነቱ = 186.40 በሳምንት
186.40 × 52 = 9,692.80 በዓመት

ይህ ግብር ሳይቀነስ ነው። 9,692.80 ፓውንድ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ እናትየው ማዘናቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ጉድለቱ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወለሉ ከመጋዘን ሠራተኛው እኩል ይሆናል። ልምምዱ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል።

ከዚያ በኋላስ? ለሂሳብ ያህል፣ ሙሉ ባለሙያ ሲሆን ከጓደኛው በሰዓት 2.50 ፓውንድ አስበለጠ እንበል። 2.50 × 40 × 52 = 5,200 በዓመት። 9,692.80ን ለ5,200 ብናካፍል 1.86 እናገኛለን። ስለዚህ የጎደለው ሁሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው። በስምንተኛው ወር ትቶ ቢወጣ ግን የስምንት ወሩን ጉድለት ተሸክሞ፣ ወረቀቱን ሳይዝ ይቀራል። እኔ ዩኒቨርሲቲ በመካከል ያቋረጥሁ ሰው ነኝና የዚህን ክብደት አውቀዋለሁ።

አራት ጥያቄዎች

ትንሽ ክፍያ ሁሉ ልምምድ አይደለም። ተለማማጅ እያለ ጉልበት ብቻ የሚበዘብዝም አለ። ለመለየት እነዚህን ጠይቁ።

1. ውሉ በጽሑፍ ነው? ደመወዙ መቼና በየትኛው ፈተና እንደሚጨምር ተጽፏል?

2. የሥልጠናውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? በእንግሊዝ ሕጋዊ የልምምድ ውል ላይ ያለ ሰው የሥልጠናውን ዋጋ እንዲከፍል አይጠየቅም። ሄልሜትና ከመጋዝ የሚከላከለው ሱሪም ከአሠሪው በነጻ ይሰጣል።

3. የትኛው ሰዓት ይቆጠራል? ጠዋት ከድርጅቱ ግቢ ወደ ዛፉ በመኪና የሚጓዙበት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ከቤት ወደ ግቢው የሚሄዱበት ግን አይቆጠርም።

4. መሬት ላይ ማን ቆሟል? አንድ ሰው ዛፍ ላይ ሲሆን፣ ከታች ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት። መታጠቂያውና ገመዱም በየስድስት ወሩ በአዋቂ መመርመር አለባቸው። ይህ ከሌለ የሚከፈለው ብዙም ቢሆን ሥራው አይጠቅምም።

በራሱ የሚሠራ ባለሙያ በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል፤ በቀን የሚያገኘውም ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገመዱንና መጋዙን የሚገዛው፣ ኢንሹራንሱንም የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ዕረፍትም ቢወጣ፣ ቢታመምም ክፍያ የለውም። ተቀጣሪው ግን በዓመት 5.6 ሳምንት ከነደመወዙ ያርፋል። ስለዚህ ጀማሪ በቀን ሒሳብ አይጓጓ።

ለወላጆች

ይህ ትምህርት «ልጆቻችሁን ወደ እንግሊዝ ላኩ» ወይም «ሁሉም ዛፍ ይውጣ» የሚል አይደለም። ሥራው ከባድና አደገኛ ነው፤ ክረምቱም ብርድ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ሙያ የጀመረን ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አምጣ ብለን ብናስጨንቀው ከግንዱ ሳያልፍ እናወርደዋለን። ልብስ ስፌት ወይም ጋራዥ የገባውም የዚሁ የካምፓችን ልጅ እንደዚሁ ነው። አስቀድማችሁ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱ ደህና ከሆነ አንዱን ዓመት ታገሡት።

እናትየው ሂሳቡን በወረቀት ይዘው ሄዱ። ለልጃቸው የላኩት መልእክት «ውሉን አንብብልኝ» የሚል ነበር።

መልመጃ

1. አንድ የ18 ዓመት ልጅ በልምምዱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። በ2025ቱ ወለል በሳምንት 38 ሰዓት ቢሠራ ስንት ያገኛል?
2. አንድ የ20 ዓመት ወጣት የልምምዱን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሷል። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ከመጀመሪያው ዓመት በስንት ይበልጣል?
3. በካምፓችን ያለ አንድ የእጅ ሙያ ምረጡ። ከወላጆቻችሁ ጋር አራቱን ጥያቄዎች ጠይቃችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

መልስ፦ 1) ዕድሜው ከ19 በታች ስለሆነ 7.55 × 38 = 286.90 ፓውንድ። 2) 400 − 302 = 98 ፓውንድ።