ስልክ ሲታጣ ስለሚመጣው ጭንቀት

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ በሽቦ ሲመጣ ሰምተው የደነገጡና የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ሲነገር ይኖራል። ያን ጊዜ የተፈራው የስልክ መኖር ነበር፤ ዛሬ የሚፈራው መታጣቱ ነው። የእጅ ስልክ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚህ አጭር ዘመን ውስጥ ስልኩን ከቤት ረስቶ ሲወጣ ልቡ የሚሸበር ሰው በዝቷል። አንባብያን ሆይ፥ ይህ ጭንቀት ከምን እንደሚመጣ እንመርምር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በእንግሊዝ አገር ይህ ፍርሃት «ኖሞፎቢያ» የሚል ስም ወጣለት፤ ያለ እጅ ስልክ የመሆን ፍርሃት ማለት ነው። በ2015ም በአሜሪካ በአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዪልዲሪምና ኮሬያ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ፍርሃቱን የሚለኩ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው በአራት ክፍል ከፈሉት። አንደኛው ከሰው ጋራ ለመነጋገር አለመቻል፥ ሁለተኛው ከወዳጅ ተለየሁ ብሎ መሥጋት፥ ሦስተኛው ወሬና ዕውቀት ማጣት፥ አራተኛው ስልኩ የሚሰጠውን ምቾት ማጣት ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሐኪሞች የአእምሮ ሕመሞችን በሚዘረዝሩበት መጽሐፍ ራሱን የቻለ ደዌ ሆኖ አልተመዘገበም። ስለዚህ ስልክ ሲታጣ የሚጨነቀውን ሁሉ ሕመምተኛ ነው ማለት አይገባም።

ይህንንም በሐዋሳ ከተማ ኑሮ ልናስተውለው እንችላለን። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺሕ ወጣቶች ተቀጥረዋል፤ የሚበዙትም ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። ከቤተ ሰቧ ርቃ በኪራይ ቤት ለምትኖር አንዲት ወጣት፥ ስልክ የእናቷ ድምፅ ነው፤ ወደ ቤት የምትልከው ገንዘብ መንገድም ነው። የንስሐ ልጁ በጠና የታመመበት ካህንም ሌሊት ሊጠራ ስለሚችል ስልኩን ከአጠገቡ አያርቅም። ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ውኃውን ሳያይ በየደቂቃው ስልኩን የሚገላልጥ ወጣት ደግሞ አለ። ከውጭ ለሚያይ ሦስቱ አንድ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን የሁለቱ ጭንቀት ከፍቅርና ከአደራ፥ የሦስተኛው ከልማድ የመጣ ነው።

ያለፉት ዓመታትም ይህን ልዩነት አሳይተውናል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፥ ብዙ ሰው እጁ ወደ ስልኩ በከንቱ ሲመላለስ ራሱን ታዝቧል። በትግራይ ግን ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት በብዙ ስፍራ የስልክ መስመር ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበር፥ በሌላ ከተማና በውጭ አገር ያሉ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ወራትን አሳልፈዋል። ይህ ኀዘን እንጂ የልማድ ባርነት አይደለም።

ልማዱ ግን እንዴት ይበረታል? ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ስልኩን ሲያጣ ልቡ ይመታል፤ አግኝቶ ሲያይ ወዲያው ያርፋል። ይህ ዕረፍት ልብን ክፉ ትምህርት ያስተምረዋል፤ «የዳንኸው ስላየህ ነው» ይለዋልና፥ በሚቀጥለው ጊዜ ጭንቀቱ ፈጥኖ ይመጣል። ደግሞም መልእክቱ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፥ አንዳንድ ጊዜ አይገኝም። አሜሪካዊው ሊቅ ስኪነር በርግቦች ላይ እንዳሳየው፥ ዋጋው መቼ እንደሚመጣ ያልታወቀ ሥራ በቀላሉ የማይተው ልማድ ይሆናል። ስለዚህም ስልኩ ሳይጠራ በኪሱ የተንቀጠቀጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ከምክንያቱ ይገኛል። ጭንቀት ሳይታዘዙለት ቢታገሡት፥ ከፍ ካለ በኋላ በራሱ ይወርዳል። ጾምን የለመደ ሰው ይህን ከገዛ ሆዱ ያውቀዋል፤ የረኃቡ ሰዓት ይበረታል፥ ያልፋልም። እንግዲህ በጥቂቱ መጀመር ይገባል። በቅዳሴ ሰዓት ስልክን በቤት መተው፥ ሌሊትም ከመኝታ ራስጌ ማራቅ መልካም መነሻ ነው። ከአደራ ለሚመጣው ጭንቀት ደግሞ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ዋና ዋና ቍጥሮችን በወረቀት ጽፎ መያዝ፥ ለቤተ ሰብ የመመለሻን ሰዓት መንገር ይጠቅማል። ካህኑም በማይገኝበት ሰዓት ተተክቶ የሚጠራ የሌላ ካህን ቍጥር ይስጥ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ሕዝብ ሲበዛ፥ የሚጠፋፉ ቤተ ሰቦች የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድመው ቢወስኑ፥ ስልኩ ባይሠራም አይሸበሩም። ጭንቀቱ እንቅልፍንና ሥራን የሚከለክል ከሆነ ግን ለሐኪም መታየት ይገባል፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም።

በመጨረሻም ለምናስተምር ሁሉ አንድ ነገር እናሳስባለን። በዐውደ ምሕረት ስልኩን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ባየን ጊዜ ለተግሣጽ አንቸኵል። ወደ እርሱ ቀርበን «ልጄ፥ የማንን ድምፅ ነው የምትጠብቀው?» ብለን እንጠይቀው። የሚጠብቀው ሰው ካለ ጭንቀቱን እንካፈለዋለን፤ ማንንም የማይጠብቅ ከሆነም፥ ጥያቄው ራሱ ልማዱን እንዲመረምር ያደርገዋል።