ስለ ኩሬ ኤሊ

ሊቃውንት የሐሙስን ፍጥረት ሲያስተምሩ ከውሃ የተገኙትን እንስሳት በሦስት ወገን ይለዩአቸዋል፤ በክንፍ የሚበሩ፥ በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ ይሏቸዋል። ኤሊ ከየትኛው ወገን እንደምትገባ ደቀ መዝሙር ቢጠይቅ መምህሩን ጥቂት ያሳስበዋል፤ እግር አላት፥ ነገር ግን ደረቷ ከምድር እምብዛም አይርቅም።

ብዙ ሰው የሚያውቃት በዱር የምትሄደውን፥ ጀርባዋ እንደ ጉልላት የጎበጠውን የየብስ ኤሊ ነው፤ ስለ ልብሷም ጥንካሬ የድንጋይ ልብስ ትባላለች። በስምጥ ሸለቆና በቆላው ኩሬዎች የምትኖረው ግን ሌላ ናት። ልብሷ ጠፍጣፋ፥ መልኳም ጭቃ የመሰለ ነው፤ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሳንቲሜትር ብዙ አያልፍም። ከአገጯ ሥር ሁለት ለስላሳ ጢሞች አሏት። የየብስ ኤሊ ስትደነግጥ ራሷን በቀጥታ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ የኩሬዋ ግን ረጅም አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከልብሷ ጠርዝ ሥር ትሸጉጠዋለች። ሁለቱን ለመለየት ይህ አንድ ምልክት ይበቃል።

ኤሊ ልብሷን እንደ ቤት ትታው ልትወጣ የምትችል የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ልብሷ አጥንት ነው፤ የጎድንና የጀርባ አጥንቷ ከእርሱ ጋር ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። ስለዚህ ልብሱ በድንጋይ ሲሰበር የተሰበረው የራሷ አካል ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. ቦናቴር የተባለ ፈረንሳዊ ስሟን በመጽሐፍ ጻፈ። ጀርመናዊው ሩፔል ደግሞ በ1835 ዓ.ም. በኤርትራ ምድር ያለችውን ለይቶ ጻፈ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ከደቡብ አፍሪካ እስከ የመን ያሉት ሁሉ አንድ ወገን ናቸው ብለው ጽሑፉን ተዉት። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የዘር ምርመራ ቢያንስ 10 ወገን መሆናቸው ታወቀ፤ ሩፔል የለያትም ስሟ ተመለሰላት።

ትል፥ ቀንድ አውጣ፥ እንቁራሪት፥ ዓሣ፥ የሞተ ሥጋም ትበላለች። ውሃ ልትጠጣ የወረደች ዋኔን በአፏ ይዛ አስጥማ፥ በፊት እግሯ ጥፍር ትቦጫጭቃታለች። አውራሪስም በውሃ ውስጥ ሲተኛ መዥገሩን ስትለቅምለት ታይታለች። የያዛት ሰው እንደ ሆነ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ታወጣለች።

እንቁላሏን የምትጥለው በየብስ ነው፤ ምድሩ የጠነከረ እንደ ሆነ ከሆዷ ውሃ አፍስሳ አለስልሳ ትቆፍራለች። ጫጩቶቹ ከ75 እስከ 90 ቀን ይፈለፈላሉ። ብዙ አውሬና ወፍ ስለሚበላቸው የሚያድጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ አንዲት ያደገች ኤሊ ብትሞት ቶሎ የምትተካ አይደለችም።

በበጋ ኩሬው ሲጎድል ወደ ጭቃው ትገባለች። ጭቃው በላይዋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ እርሷ ግን ሳትበላ፥ እስትንፋሷን አዘግይታ፥ በአካሏ ባከማቸችው ስብ እየኖረች ወራት ትቆያለች። የመጀመሪያው ዝናብ ምድሩን ሲያርሰው ትወጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ኩሬ ፍለጋ በየብስ ስትጓዝ ትታያለች። ትናንት ደረቅ በነበረ ኩሬ ዛሬ ኤሊ ያየ ሰው ከዝናቡ ጋር ከሰማይ የወረደች ይመስለው ይሆናል፤ በጋውን ሁሉ ከብቱን ሲነዳ ከእግሩ ሥር እንደ ነበረች አያውቅም።

መከራዋ በዚህ ጊዜ ነው። ሰው ኩሬውን የሚጠርገው ውሃው በጎደለበት ወራት ነው፤ ሥራው የሚገባ ነው፥ ደለሉ ካልወጣ ኩሬው ብዙ ውሃ አይዝም። ነገር ግን በዶማ ከጭቃው የወጣችው ኤሊ ዓይኗን ጨፍና ስለማትንቀሳቀስ የሞተች መስላ ከደለሉ ጋር ወደ ዳር ትጣላለች፤ በዚያም ፀሐይ ይገድላታል። ሽማግሌዎች ደቦውን ሲያዝዙ ለቆፋሪዎቹ አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል፤ የተገኘችውን ኤሊ ከማይቆፈረው ወገን፥ በጥላ ሥር፥ በእርጥብ ጭቃ ሸፍነው ያኑሯት። የኤሊ አካል ሆድን የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል የነካት ሰው ምግብ ሳይቀምስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ኩሬው ዳግመኛ ውሃ ሲይዝ ራሷ ትወጣለች።