ፊኛው ተገልጦ ስለሚወለድ ሕፃን

በባዮሎጂ ትምህርታችን ኩላሊት ደምን እንደሚያጣራ፣ ፊኛም ሽንቱን እስከ ጊዜው ድረስ እንደሚያቆይ ተምረናል። ነገር ግን ፊኛው ሳይዘጋ የሚወለድ ሕፃን ምን ይሆናል? ሐኪም ሰፍቶለት ስፌቱ ቢፈታና እንደገና ቢሰፋስ፣ ሽንቱን ለመያዝ ይችላልን? ስለዚህ ነገር አንብቤ የተረዳሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

ይህ ጉድለት በሐኪሞች ዘንድ ኤክስትሮፊ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መገልበጥ ማለት ነው። ፅንሱ በማሕፀን ገና በመጀመሪያዎቹ ወሮች ሳለ፣ ከእምብርት በታች ያለው የሆድ ግድግዳ ሳይገጥም ይቀራል። ስለዚህ ፊኛው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ተዘርግቶ ቀዩ የውስጥ ገጹ በሆድ ላይ ይታያል፤ ሽንቱም ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። እንደዚሁም በፊት በኩል ሊገናኙ የሚገባቸው የዳሌ አጥንቶች ተራርቀው ይገኛሉ። ይህ ጉድለት ከ30,000 እስከ 50,000 ከሚወለዱት ሕፃናት መካከል በአንዱ ላይ የሚታይ ነው፤ ከሴቶችም ይልቅ በወንዶች ይበዛል። እናቲቱ ባደረገችው ጥፋት የሚመጣ ነገር አይደለም።

ነገሩን በውሃ ስልቻ መስለን እንመልከተው። ስልቻ ውሃ ይይዝ ዘንድ ሆዱ ሰፊና ለስላሳ፣ አፉም በደንብ የሚታሰር መሆን አለበት። ፊኛም እንደዚሁ ነው። የተዘረጋውን ፊኛ ሰፍቶ መዝጋት አንድ ሥራ ነው፤ ሽንት እንዲይዝ ማድረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ቁስሉ በዳነ ጊዜ ሁሉም ነገር ያለቀ የሚመስለው ሰው ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1851 ጆን ሲሞን የተባለ የሎንዶን ሐኪም የአንድ ልጅ ሽንት ወደ ደንዳኔ እንዲፈስ ለማድረግ ሞከረ። ከእርሱ በኋላ ብዙዎች ይህን መንገድ ተከተሉ። ይሁን እንጂ ሽንትና ዓይነ ምድር በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ በአንዳንዶቹ አንጀት ላይ ነቀርሳ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1942 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሂው ሃምፕተን ያንግ፣ የአንዲት ልጅ ፊኛ ተዘግቶ ሽንቷን ለመቆጣጠር እንደ ቻለች ገለጸ። በ1970ዎቹም ሮበርት ጄፍስና ባልደረቦቹ ሥራውን በየደረጃው ከፋፈሉት፤ ይኸውም አስቀድሞ በሕፃንነቱ ፊኛውን መዝጋት፣ ልጁ ካደገ በኋላም የፊኛውን አንገት ማጥበቅ ነው።

የመጀመሪያው ስፌት ከሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የሕፃኑ አጥንት ለስላሳ ስለ ሆነ የተራራቁትን አጥንቶች ማቀራረብ ይቀላል። አጥንቶቹ ካልተቀራረቡ ስፌቱ፣ ጠባብ ሸሚዝ ቍልፉን እንደሚበጥስ ሁሉ፣ ተወጥሮ ይፈታል። ሁለተኛ፣ በቢላዋ የተነካ ሥጋ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳም እንደ ጤነኛ ጡንቻ አይለጠጥም። ሦስተኛ፣ ፊኛ የሚያድገው እየሞላና እየጎደለ ነው፤ ተከፍቶ የቀረ ፊኛ ግን ይህን ልምምድ አያገኝም።

ስፌቱ የተፈታ እንደ ሆነ ሐኪሞች ቶሎ አይደግሙትም። የቆሰለው ሥጋ እስኪረጋ ድረስ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያም የዳሌውን አጥንት ቆርጠው ያቀራርቡና ፊኛውን ደግመው ይዘጉታል፤ ሕፃኑም ለብዙ ሳምንት እግሮቹ ሳይንቀሳቀሱ በጀሶ ወይም በመሳቢያ ገመድ ይቆያል። እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ ሁለተኛ ስፌት ብዙውን ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን ፊኛው ሳይሰፋ ሊቀር ይችላል። የፊኛውን አንገት ለማጥበቅ ቢያንስ ወደ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከአንድ ሲኒ ቡና ጥቂት የሚበልጥ ሽንት የሚይዝ መሆን ይገባዋል። ስፌቱ በተደጋገመ ቍጥር ወደዚህ ልክ የሚደርሱት ልጆች እያነሱ ይሄዳሉ።

ታዲያ ተስፋቸው ተቆረጠ ማለት ነውን? አይደለም። ከአንጀት ቆርጦ ፊኛውን ማስፋት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ንጹሕ ቱቦ በየጊዜው እያስገቡ ፊኛን ባዶ ማድረግ እንደሚቻል አስረዳ። በ1980 ደግሞ ፈረንሳዊው ፖል ሚትሮፋኖፍ ትርፍ አንጀትን ከፊኛ እስከ ሆድ ቆዳ የሚደርስ ቀጭን መተላለፊያ አድርጎ ሠራው። ልጁ በየጥቂት ሰዓቱ ቱቦውን በዚህ መንገድ አስገብቶ ሽንቱን ያወጣል፤ በመካከሉም ልብሱ ደረቅ ሆኖ ይውላል። እርግጥ የራሱ ጣጣ አለው። አንጀቱ ንፍጥ ስለሚያመነጭ ፊኛው መታጠብ ያስፈልገዋል፤ በውስጡም ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ ሆይ፣ «ይህን ያህል ልጆች ደረቅ ሆኑ» የሚል ጽሑፍ ባነበባችሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ለስንት ሰዓት ደረቅ ሆኑ? ብዙ ሐኪሞች በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይንጠባጠብ መቆየትን ይጠይቃሉ። ሽንታቸውን በተፈጥሮ መንገድ ነው ወይስ በቱቦ የሚያወጡት? ኩላሊታቸውስ ደኅና ነውን? ሽንት በፊኛው ታምቆ ወደ ኩላሊት ቢመለስ ደረቅ ልብስ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ስፌት በሚችሉ እጆች መሠራት እንዳለበትና፣ እርሱ ባይሳካም ልጁ ሌላ መንገድ እንደሚቀረው ነው። ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ ይህን ሙያ አስቡበት። ሌሎቻችንም ብንሆን የምናደርገው አናጣም። ከክፍል ቶሎ ቶሎ ፈቃድ ጠይቆ የሚወጣ ወይም ልብሱ የረጠበ ልጅ ባየን ጊዜ እንዳንስቅበት ይሁን፤ ምናልባት ከእኛ ይልቅ ብዙ የታገሠ እርሱ ነውና።