ከሥራ መልስ ለክላውድ ፈተና መዘጋጀት

ጥያቄ፦ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ሥራ የምገባው ጠዋት 2፡30 ነው፤ ቤት ስደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የኤደብሊውኤስ ሶሉሽንስ አርክቴክት አሶሼት ፈተና መውሰድ እፈልጋለሁ፤ ግን ማታ ቪዲዮ ስከፍት እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በደከመ አእምሮ ቪዲዮ ማየት ውሃ ወቀጣ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት 45 ደቂቃ ያንብቡ፤ ማታ አምስት ስድስት የመለማመጃ ጥያቄ ብቻ ይሥሩ፤ ቅዳሜን ለተግባር ልምምድ ይተዉት።

ፈተናው 65 ጥያቄ በ130 ደቂቃ ነው፤ ማለፊያው ከ1000 ነጥብ 720። 30 በመቶው ደኅንነት ላይ ስለሚያተኩር ከአይኤኤም (የማንነትና የፈቃድ አስተዳደር አገልግሎት) ይጀምሩ።

ጥያቄዎቹ ሽምደዳን ሳይሆን ማመዛዘንን ይፈልጋሉ። ለምሳሌ በፕራይቬት ሰብኔት ያለ ሰርቨር ከኤስ ስሪ (ከፋይል ማከማቻው አገልግሎት) ፋይል ማንበብ አለበት፤ ወጪውም ዝቅተኛ ይሁን ተብሏል እንበል። ናት ጌትዌይም ያሠራል፤ ግን በሰዓትም በጊጋባይትም ያስከፍላል። የኤስ ስሪ ጌትዌይ ኢንድፖይንት ክፍያ ስለሌለው መልሱ እሱ ነው። ቅዳሜ ሁለቱንም በራስዎ አካውንት ሠርተው ያነጻጽሩ። አስቀድመው የበጀት ማንቂያ ያብሩ፤ ሲጨርሱም የከፈቱትን ሁሉ ያጥፉ።

እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎ ካልሆነ 30 ደቂቃ ጭማሪ ማግኘት ይችላሉ፤ የጭማሪው ማመልከቻ የሚቀርበው ግን የፈተና ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ምንም ጥያቄ ባዶ አይተዉ። ካላለፉ ከ14 ቀን በኋላ ደግመው መፈተን ይቻላል፤ የፈተናው ክፍያ 150 ዶላር ግን እንደ አዲስ ይከፈላል።